ከቡና እምቡጥ ፕሮቲዬዝ ስትለኩ ቡናማውን ፈሳሽ አትመኑት

ጅማ ላይ የቡናን የአበባ ዱቄት አፈጣጠር ለሚያጠና ሁሉ ይህ አስቀድሞ ቢነገረው ደስ ይለኛል። ዱቄቱን የሚመግበው የአንተር (የአበባ ዱቄት የሚይዘው ክፍል) ውስጠኛ ሽፋን፣ ታፔተም፣ በጊዜው መፍረስ አለበት። በማፍረሱ ከሚሳተፉት ውስጥ ሲስቲን ፕሮቲዬዞች (ፕሮቲን የሚቆራርጡ አንድ የኢንዛይም ቡድን) ይገኙበታል፤ አራቢዶፕሲስ በተባለው የቤተ ሙከራ ተክል ላይ ከነዚህ አንዱ፣ ሲኢፒ1፣ ሲጠፋ ታፔተሙ በወጉ አይፈርስም፣ የዱቄቱም የማዳቀል አቅም ይቀንሳል። ቡና ላይ የለካሁት ይህንኑ ቡድን ነው።

አለቃቀሙ ቀላል ነው። ዝናብ የእምቡጡን እንቅልፍ ከሰበረ በኋላ አበባው ከ8 እስከ 10 ቀን ገደማ ይፈካል። እምቡጡ ነጭ ሻማ ከመሰለ ዘግይታችኋል፣ ታፔተሙ አልቋል። ቀን መቁጠርም አይበቃም፤ ከአምስቱ አንተሮች አንዱን በአሴቶካርሚን ማቅለሚያ ጨፍልቃችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ፣ አራቱን ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ክተቱ።

መከራው ጭመቃው ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሰጠኝ መመሪያ ትሪስ ባፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ፒኤች 8፣ ፒኤምኤስኤፍ የተባለ የፕሮቲዬዝ ማገጃና የሌሎች ማገጃዎች ቅይጥ ይላል። ለሌላ ፕሮቲን ይሁን፤ ፕሮቲዬዝ ለሚለካ ሰው ግን ቅይጡን መጨመር የሚፈልገውን ኢንዛይም በገዛ እጁ መግደል ነው፣ ብዙ ቅይጥ ሲስቲን ፕሮቲዬዝን የሚያግደው ኢ-64 አለበትና። እስካሁን ያናድደኛል። ፒኤች 8 ደግሞ የቡናን ፌኖሎች ቶሎ ያስኦክሳይዳቸዋል። ጭማቂው ይጠቁራል፣ ኢንዛይሙም ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ቡናማው ቀለም ራሱ ውጤቱ በሚነበብበት 440 ናኖሜትር ላይ ብርሃን መምጠጡ ነው፤ ንባቡ ከፍ ሲል ኢንዛይሙ የሠራ ይመስላል።

የእኔ አሠራር ይኸውና፦ 50 ሚሊሞላር አሴቴት ፒኤች 5.5፣ 5 ሚሊሞላር ዲቲቲ (ኢንዛይሙን ከኦክሳይድ የሚጠብቅ)፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (የብረት አዮኖችን የሚይዝ)። ዲቲቲው በዕለቱ ይጨመር። ለ100 ሚሊግራም አንተር 50 ሚሊግራም ፒቪፒፒ (ፌኖል የሚይዝ ዱቄት) በ500 ማይክሮሊትር ባፈር ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ይዘፍዘፍ፤ ደረቁን መነስነስ ፌኖሉን በቶሎ አይዝም። ከሴንትሪፊዩጅ በኋላ የጠቆረውን ድፉት፣ ለማዳን አትድከሙ።

ጭማቂውን ከ2 በመቶ አዞኬዜይን (ሲቆራረጥ ቀለሙ የሚለካ ፕሮቲን) ጋር በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ፕሮቲን በሚያረጋው አሲድ፣ በ10 በመቶ ቲሲኤ፣ አስቁሙት፣ የላይኛውን ፈሳሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምራችሁ 440 ናኖሜትር ላይ አንብቡ። ለእያንዳንዱ ናሙና ቲሲኤው ከአዞኬዜይኑ በፊት የገባበት የራሱ ባዶ ማነጻጸሪያ ይኑረው፤ ውሃ ብቻ ያለበት ባዶ የፌኖሉን ቀለም አይቀንስም። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ያን ዙር አትጠቀሙበት።

በመጨረሻ ግማሹን ጭማቂ በ10 ማይክሮሞላር ኢ-64 ለኩት። በኢ-64 የወደቀው ልዩነት የሲስቲን ፕሮቲዬዙ ነው፤ የተረፈው የሌሎች ቡድኖች ስለሆነ ከታፔተሙ ጋር ከማያያዛችሁ በፊት አስፓርቲክ ፕሮቲዬዝ የተባለውን ቡድን በሚያግደው ፔፕስታቲን ደግማችሁ ፈትሹት።