ከደሴ ወደ ባቲ ይዤው የወረድሁት ሙሉ ልብስ

በ2011 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ባቲ ተዛውሬ በሒሳብ ሠራተኛነት ስመደብ፣ ሻንጣዬ ውስጥ የነበሩት የቢሮ ልብሶች ሁሉ ለደሴ ብርድ የተገዙ ነበሩ፤ ሙሉ ገበር ያለው ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ወፈር ያሉ ሁለት ሱሪዎች፣ ኮሌታቸው ድርቅ ያለ ሦስት ሸሚዞች፣ ጠዋት ጠዋት ከኮት ሥር የምደርበው ሹራብ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ይህ ሁሉ እዚያ የሚፈለግ ነው። ባቲ ግን ከእርሷ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት፤ በዚህ ያህል የከፍታ ልዩነት ደግሞ አየሩ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል። መኪናው የሀረጎን ተራራ ጉም ለቆ ኮምቦልቻ ሲገባ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ባቲ ስወርድ ኮቱም ክንዴ ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ግንቦት በሙሉ ልብሴ ለመዝለቅ ወሰንሁ። የሕዝብ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ተስተካክሎ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ሙቀቱንም በትዕግሥት አልፈዋለሁ ብዬ ነበር። ቢሮው ቆርቆሮ ክዳን በመሆኑ ጣሪያው ከጠዋት ጀምሮ የሰበሰበው ግለት ከቀትር በኋላ በላያችን ይወርዳል፤ ያለችው አንድ ማራገቢያም መብራት ሲጠፋ ትቆማለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍያ ማዘዣ በፈሳሽ ቀለም ብዕር እየጻፍሁ ሳለ፣ ከግንባሬ የወረደ ላብ በቀጥታ ቁጥሩ ላይ አረፈ። ሰማያዊው ቀለም ተሰራጨ፤ አኃዙ 7 ይሁን 1 የማይለይ ሆነ። ሰነዱ ተሰርዞ እንደገና መጻፍ ነበረበት፤ ባለጉዳዩም ፊርማ ለማስደገም ሌላ አንድ ሰዓት ቆመ። ልብሴ እኔን ማስጨነቁ ሳያንስ የሰው ጊዜ እንደበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድሁ። ቲሸርትና ነጠላ ጫማ አድርጌ መግባት ጀመርሁ፤ ሰውነቴም በእርግጥ ቀለለው። አንድ ሰኞ ቀን ነበር፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ከየአቅጣጫው ይገናኛል፤ ቢሮውም ገበያና ጉዳይ አንድ ላይ ሊጨርሱ በመጡ ሰዎች ይሞላል። አንድ አዛውንት ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ የታጠበ ሽርጣቸውን አሸርጠው ገቡና ከፊቴ ቆመው፣ «የኔ ልጅ፣ የሒሳቡ ሰው አልገባም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔው ነኝ፣ አባባ» ስላቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ሆኖም ወረቀታቸውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ጥቂት ሲያመነታ አይቻለሁ። እኚህ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ካላቸው ሁሉ ንጹሑን መርጠው የለበሱት ቢሮውን አክብረው ነው። እኔ ግን ለእርሳቸው ያንኑ ያህል አልተዘጋጀሁም ነበር። ነገሩ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ገበያው ዳር በእግር በሚመታ የሲንጀር መኪና ከሚሰፉ አንድ ሐጂ ነው። ኮቱን ወስጄ፣ «ትንሽ ያስፉልኝ፣ ሙቀቱ አልቻልሁም» አልኋቸው። ኮቱን ገልብጠው ከገበሩ ጠርዝ አንድ ክር መዘዙና ክብሪት ለኮሱበት። ክሩ እንደ ጥጥ ተቃጥሎ አመድ በመሆን ፈንታ እየቀለጠ ተሸበሸበ፤ ጫፉ ላይ ጥቁር፣ ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ቀረ። ከተሰቀለ ነጭ ሸሚዝ ደግሞ ሌላ ክር መዘው ለኮሱ፤ ያኛው እንደ ወረቀት ነደደና በጣታቸው ሲነኩት ብን አለ። «አየኸው? የፊተኛው ላስቲክ ነው። ላስቲክ ለብሰህ፣ ገበር ጨምረህበት፣ እንዴት አያልብህ? አብሽር፣ ማስፋቱ አይደለም የሚያሻህ፣ ጨርቁን መለወጥ ነው።»

በኋላ እንደተረዳሁት የሐጂ ፈተና ትክክለኛ ነው። ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፤ ሐጂ «ላስቲክ» ያሉት ሰው ሠራሽ ክር፣ ማለትም ፖሊስተር፣ የሚይዘው ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ላብ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ስለሆነ፣ ላቡን የማይመጥና አየር የማያሳልፍ ገበር ቆዳ ላይ ሲለጠፍ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሐጂ ሁለት ሱሪ፣ አራት ሸሚዝና አንድ ኮት፣ ሁሉንም በጥጥ ሰፉልኝ። ጨርቁን ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አሰጡት፤ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ይህ ካልተደረገ በልክ የተሰፋው ሸሚዝ ከአንድ እጥበት በኋላ ይጠባል። ኮቱ ገበር ያለው ትከሻውና እጅጌው ላይ ብቻ ነው፤ ጀርባው ነጠላ ሆኖ ስፌቱ በጨርቅ ጠርዝ ተሸፍኗል፤ ከፊት ሲታይ ከሙሉ ገበሩ አይለይም። ሸሚዞቹን ደረቱና ብብቱ ላይ ለቀቅ፣ ትከሻው ላይ ግን ልክክ አድርገው ሰፏቸው። ይህን ከሁሉ በላይ አደንቃለሁ፤ ትከሻው ልክ ከሆነ ከታች ያለው ስፋት የተዝረከረከ አይመስልም፣ አየርም እንደ ልቡ ይገባል። የአፋርና የባቲ ሰው ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ የሚወደው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ያኔ አሰብሁ።

ቀለም ላይ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ከአራቱ ሸሚዞች ሁለቱን ሰማያዊ ፈዛዛ አድርጌ ነበር፤ የላብ እርጥበት በእርሱና በግራጫ ላይ ከየትኛውም ቀለም ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ነጩ ግን ብዙ አያሳብቅም፤ ጥቃቅን መስመር ያለውም እንዲሁ። ከሸሚዝ ሥር ስስ የጥጥ ካኔቴራ መልበስ ሙቀት የሚጨምር ይመስላል፤ ነገር ግን ላቡን ቀድሞ ስለሚመጠው ሸሚዙ ደርቆ ይውላል። የብብትን ቢጫ እድፍ በበረኪና ለማስለቀቅ ሞክሬ ይብስ አጠቆረብኝ፤ አሁን ማታውኑ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና አሽቼ አድራለሁ።

የጥጥ አንዱ ችግር መጨማደዱ ነው። ገና እርጥበት እያለው ከተተኮሰ ግን ቀጥ ይላል፤ እኔም መብራት በማይታመንበት ከተማ እስከ ንጋት ስለማልጠብቅ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ተኩሼ በማንጠልጠያ እሰቅላለሁ። ከረባት የማስረው ለስብሰባ ብቻ ነው። ጫማዬ ቆዳ ነው፤ ሁለት ጥንድ አለኝ፤ አንዱ የአንድ ቀን ላቡን እስኪያደርቅ ሌላውን አደርጋለሁ፤ ካልሲውም ጥጥ ነው።

ጎኔ የምትሠራ ባልደረባዬ ሂጃቧን ከሚያንሸራትተው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወደ ስስ ጥጥ ለውጣ፣ ቀሚሷንም ሰፋ አድርጋ አሰፍታ፣ ከቀትር በኋላ የሚይዛት ራስ ምታት እንደቀነሰላት ነግራኛለች።

ሰኞ ሰኞ፣ ገበያው በሚደምቅበት ቀን፣ ከቤት የምወጣው በካኔቴራና በቀላል ጃኬት ነው፤ የተተኮሰው ሸሚዝ በማንጠልጠያው ባጃጅ ውስጥ ተሰቅሎ ይሄዳል፤ ቢሮ ደርሼ ፊቴን ታጥቤ፣ ላቤ ሲደርቅ እለብሰዋለሁ። እኚያ አዛውንት ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጉዳይ ይዘው መጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ ነው የመጡት። ጥቁሩ ሙሉ ልብስ ደሴ እናቴ ቤት ተሰቅሏል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለስብሰባ ወደዚያ ስወጣ እለብሰዋለሁ፤ ለዚያ ብርድ ገበሩ ይጠቅማል።