ፖሊስ በሌለበት ጠፈር ሱቅ ከፈትኩ

ነገሩ የጀመረው ከክፍያ ነው። ኢቭ ኦንላይን የሚባለውን የጠፈር ጨዋታ በነፃ መጫወት ይቻላል፣ ግን በነፃው መንገድ ክህሎትህ ከሆነ ደረጃ አያልፍም። ሙሉውን የፈለገ በወር 20 ዶላር ገደማ ይከፍላል። እኔ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ቢኖረኝም ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ 20 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር። እዚያው ጨዋታው ውስጥ ሠርቼ፣ በጨዋታው ገንዘብ ፕሌክስ የሚባለውን ገዝቼ፣ የወር ክፍያዬን በእሱ መክፈል። ለ30 ቀን 500 ፕሌክስ ያስፈልጋል። ያኔ ይሄ ከ2 ቢሊዮን ኢስክ በላይ ነበር። ኢስክ የጨዋታው ገንዘብ ነው።

ከወዲሁ ልናገር፣ ኢስክን በእውነተኛ ብር መሸጥ ክልክል ነው፣ አካውንት ያስዘጋል። ስለዚህ «በወር ስንት ዶላር ትሠራለህ» ብላችሁ አትልፉ።

ጠፈሩ በቁጥር የተከፋፈለ ነው። ከ1.0 እስከ 0.5 ድረስ ኮንኮርድ የሚባል ፖሊስ አለ፤ የተኮሰብህን ሰው ይቀጣልሃል፣ ለአንተ ግን በሰዓቱ ይደርስልሃል ማለት አይደለም። 0.0 እና ከዚያ በታች ያለው ነልሴክ ይባላል። እዚያ ፖሊስ የሚባል ነገር የለም። አብዛኛውን ቦታ ተጫዋቾች ራሳቸው ይዘውታል። አሊያንስ ፈጥረው፣ ጣቢያ ገንብተው፣ ግብር እየሰበሰቡ፣ ድንበር ላይ እየተዋጉ ይኖራሉ። ያለ እነሱ ፈቃድ ገብተህ ልሥራ ብትል መርከብህን ትሰጣቸዋለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘመድ ማግኘት ነው። ጀማሪ የሚቀበል ኮርፖሬሽን ፈልጌ አመለከትኩ። ኮርፖሬሽን የተጫዋቾች ቡድን ነው፣ አሊያንስ ደግሞ የእነዚህ ቡድኖች ስብስብ። ሰላይ አለመሆኔን ለማጣራት የአካውንቴን ታሪክ አዩ፣ በድምፅም ጠየቁኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መለስኩ። ገባሁ። ከዚያ በኋላ የአሊያንሱ ሰው ሁሉ ከስሙ አጠገብ ሰማያዊ ምልክት ይታየኛል፣ ወዳጅ ማለት ነው፣ እኔም ለእሱ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ወንበዴ ማደን ነበር። አኖማሊ የሚባሉ ቦታዎች አሉ፣ ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበዴዎች የሚርመሰመሱባቸው። ትገድላቸዋለህ፣ በየ20 ደቂቃው ጉርሻው ይገባልሃል። ኮርፖሬሽኑ ግብሩን ይቆርጣል። ከጉርሻው ሌላ ድርሻ ደግሞ እዚያው ጠፈር ላይ ባለ ካዝና ይጠራቀማል፣ ሌባ መጥቶ ካልዘረፈው በኋላ ይከፈልሃል። በዚያ ላይ ሁሉም አንድ ሰፈር ላይ ሲያድን የዚያ ሰፈር ክፍያ እየወረደ ይሄዳል። ይሄን ሳላውቅ ሰው የበዛበትን ቦታ «ገበያው እዚህ ነው» ብዬ ስከተል ከረምኩ።

የማድነው በቬክሰር ኔቪ ኢሹ ነበር። ነፃ አካውንት ላይ ያለ ሰውም ይነዳታል፣ የምትዋጋውም በድሮን ነው። ለቀቅ ታደርጋቸዋለህ፣ እነሱ ይሠራሉ። (እናቴ ይሄን ቃል ቤት ውስጥ መስማት አትወድም። አንድ ቀን በማይክ «ድሮኖቼን በሙሉ ጨረሷቸው» ስል ሰምታ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ለምን እንደሆነ እዚህ ለኖረ አይነገረውም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ «ንቦቼ» ነው የምላቸው።)

የመጀመሪያዋን መርከብ የበላው ቡና ነው። ነልሴክ ውስጥ ሕይወትህ ሎካል የሚባለው የስም ዝርዝር ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ስሙ ይታያል። የማታውቀው ስም ብቅ ሲል የእሱ ስክሪን ገና እየጫነ ነው፣ አንተ ጥቂት ሰከንድ አለህ ማለት ነው። ወዲያው ወደ ጣቢያ ትሸሻለህ። ጥያቄ የለም፣ «ምናልባት መንገደኛ ይሆናል» የለም። እኔ አቦሉን ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ። በወሎ ቤት ደግሞ አቦል ጠጥቶ መነሳት የለም፣ ጎረቤት አለ፣ ዱዓ አለ፣ ወሬ አለ። በረካ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ስቀመጥ መርከቧም የለችም፣ እኔም ሌላ ጣቢያ ላይ በአዲስ ገላ ነቅቻለሁ። 100 ሚሊዮን ገደማ ሄደ። ጓደኞቼ በድምፅ ሳቁብኝ። እናቴ ብቻ «አብሽር የኔ ልጅ፣ ጀበናው እንደሆነ አልተሰበረ» አለችኝ።

ሁለተኛዋን መብራት ወሰዳት። ግንኙነትህ ሲቋረጥ መርከብህ ራሷ ለመሸሽ ትሞክራለች፣ ወንበዴዎቹ ይዘዋት ከሆነ ግን የትም አትሄድም። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፣ ራውተሩ አልነበረውም። አሁን ስልኬ ሆትስፖቱ ተዘጋጅቶ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።

ሰዓትም ተማርኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ አሜሪካኖቹ ተኝተዋል፣ አውሮፓውያኑ ሥራ ገብተዋል። እኛን የሚያድነን ጠላት ይቀንሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አገልጋዩ በየቀኑ ለጥገና ለአጭር ጊዜ ይዘጋል፣ እኔም ያኔ ተነስቼ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ የከሰዓት ፈረቃዬን እገባለሁ። እንዲህ የተገጠመ ፕሮግራም ፈልጌም አላገኝም ነበር።

ሆኖም ሂሳቡ አልሞላም። በእኔ መርከብ በሰዓት 20 ሚሊዮን ገደማ ነው የማገኘው። 2 ቢሊዮን ለመሙላት 100 ሰዓት! በወር። ያውም ምንም ሳይቃጠልብኝ። ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ሁለተኛ ፈረቃ ነው።

መፍትሔው ከእናቴ ሱቅ መጣ። ሱቋ ትንሽ ናት። አንድ ቀን እቃ ሳወርድላት ለምን ትልልቅ ነገር እንደማታመጣ ጠየቅኳት። «ሰው ማታ ሲቸግረው የሚሮጥለትን ነው የምይዘው» አለችኝ። ክብሪት፣ ሻማ፣ ጨው፣ ሳሙና። ያን ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ አሰብኩት። የኛ ሰፈር አዳኞች ማታ ምን ይቸግራቸዋል? ድሮን! ወንበዴዎቹ ይጨርሱባቸዋል፣ ሌላ ለማምጣት ደግሞ ትልቁ ገበያ ጂታ ሩቅ ነው፣ መንገዱም አደጋ አለው። ጣቢያችን ላይ ያለውን ገበያ ከፍቼ ሳይ ድሮን ወይ የለም፣ ወይ አንድ ሰው ብቻ በጂታ እጥፍ ዋጋ ሰቅሎታል።

የቀረኝን ገንዘብ ሰብስቤ ጂታ ላይ ገዛሁ። አሊያንሱ ጭነት የሚያመላልሱ ሰዎች አሉት፣ በሜትር ኩብና በእቃው ዋጋ ያስከፍላሉ። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። ትንሹ ድሮን 5 ሜትር ኩብ ነው፣ ከባዱ 25፣ የታሸገ ክሩዘር መርከብ ግን 10,000። መርከብ ላስመጣ ብዬ ስቋምጥ የጭነቱን ሂሳብ ሳይ ተውኩት። ወደ ባቲ ገበያ ግመል ጭኖ የሚሄድ ሰው ጭድ አይጭንም። ትንሽ ቦታ ይዞ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣውን ያዝኩ፤ ድሮን፣ ጥይት፣ የመርከብ መሣሪያ መጠገኛ ፔስት፣ በየቀኑ የሚቃጠሉ መለዋወጫዎች። ዋጋዬን ከጂታ ሩብ ያህል ብቻ ከፍ አደረግኩት። ያ በእጥፍ የሚሸጠው ሰውዬ በሳምንቱ ተወ። መጀመሪያ ግን ስድብ ላከልኝ።

ደስ የሚለው እኔ ኮምቦልቻ ማሽን ላይ ቆሜ እቃው ይሸጣል። በአምስተኛው ወር 500 ፕሌክሱን ሳላድን ገዛሁ። አሁን የማድነው ሲያሰኘኝ ነው።

ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። አንድ ጊዜ አሊያንሱ የሚዋጋበትን የመርከብ ዓይነት አይቼ፣ ለእሱ የሚሆን ሚሳይል በብዛት አስመጣሁ። ጦርነት እየመጣ ነበር፣ ያልቃል ብዬ። ሚሳይሉ ጣቢያ በደረሰ በሦስተኛው ቀን አዛዦቹ መርከቡን ቀየሩት፣ አዲሱ ደግሞ ሚሳይል አይተኩስም። ከአዛዦቹ አንዱን በወሬ ጠጋ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። «ዒድ ካለፈ በኋላ ቴምር ያከማቸ ሰው ሆንክ» አለችኝ።

አሁን ምንም ነገር ከማስመጣቴ በፊት ሰው እጠይቃለሁ። ማን ምን አጣ፣ የትኛው ቡድን ወደየት ሊሄድ ነው፣ ትናንት ማታ ስንት መርከብ ተቃጠለ። ከገበያው ሰንጠረዥ ይልቅ ማታ በድምፅ የሚወራው ወሬ ይበልጥ ይጠቅመኛል። ጠላት ሲመጣም ስሙን አይቼ ዝም አልልም፣ ጎረቤት ሰፈር ላሉት ወዲያው እጽፋለሁ። እነሱ ካልተረፉ ማን ይገዛኛል?

ሚሳይሎቹ እስካሁን ተሸጠው አላለቁም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው 200 ገዛኝ፣ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።