የአኮዴሴዋ ጥርሶች

የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ የገባሁበት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነበረውም፤ በማረፊያዬ መብራት ጠፍቶ ከወበቁና ከትንኙ ጋር ስታገል ነጋ። ጠዋት የፌቲሽ ገበያ፣ ማለትም ለባህላዊ መድኃኒትና ለአምልኮ የሚሆኑ የእንስሳት ክፍሎች የሚሸጡበት ገበያ፣ ወዳለበት ወደ አኮዴሴዋ ሰፈር በዘሚጃን፣ ማለትም በሞተር ታክሲ፣ ስሄድ ትዕግሥቴ ተሟጦ ነበር። በሩ ላይ ለመግቢያና ለፎቶግራፍ 10,000 ሴፋ ፍራንክ አስከፈሉኝ፤ ከኋላዬ የመጡት ግማሹን ብቻ ከፍለው ሲገቡ ሳይ በጣም ተናደድሁ።

በአፈሩ ግቢ ዙሪያ በተደረደሩት ጠረጴዛዎች ላይ የዝንጀሮ፣ የውሻና የአዞ ራስ ቅሎች፣ የደረቁ እስስቶችና ወፎች ተከምረዋል፤ ሽታው እንዳልለፋ ቆዳ ያለ ነው። ቮዱን ለኤዌና ለፎን ሕዝቦች ሃይማኖት ነው፤ በጎረቤት ቤኒን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥር ወር በብሔራዊ በዓልነት ይከበርለታል። ቦኮኖ የሚባለው ጠንቋይ ፋ የተባለውን የጥንቆላ መንፈስ ጠይቆ ያዘዘለትን ይዞ የሚመጣ ሕመምተኛ እዚህ የሚገባው እኛ መድኃኒት ቤት እንደምንገባው ነው። አጥንቱ ከዕፅዋት ጋር ይፈጭና በእሳት ጠቁሮ ደረት ወይም ጀርባ ላይ በሦስት ጭረቶች ውስጥ ይታሻል። ይህን እያዩ ራስ ቅል አቅፈው እየሳቁ ፎቶ የሚነሡ ጎብኚዎችን ማየት አሳፈረኝ።

አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የአዞ ጥርስ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ርዝመቱ አውራ ጣቴን ያህላል፤ ጫፉ ለስልሷል፤ ሥሩ ግን እንደ ዋንጫ ባዶ ነው፤ ምትኩ የሚበቅለው ከዚያ ባዶ ውስጥ ነውና። «ልጄ፣ ጸሎት ካልተደገመበት ጥርስ ጥርስ ብቻ ነው» አሉኝ በአስተርጓሚያቸው በኩል። እናቴ በልጅነቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝ ክታብ ትዝ አለኝ፤ እሷም ብትሆን የምታምነው በቆዳው ሳይሆን ደብተራው በብራናው ላይ በጻፈው ቃል ነበር። ዋጋውን ዛጎል ጥለው ጠየቁልኝ፤ 15,000 የተባለው በሦስተኛው ውርወራ 4,000 ሆነ። አመስግኜ ጥርሱን መለስሁላቸው።

ልቤን የሰበረው ከመውጫው አጠገብ ያየሁት ነው፤ የጥንብ አንሳ ራሶች ምንቃራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርጎ በረድፍ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ጣሪያ ላይ ሰፍረው እያየኋቸው ያደግሁት እነዚሁ ወፎች ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ ለመድኃኒትና ለአምልኮ መገደላቸው ለመመናመናቸው ዋና ምክንያት ሆኖ፣ ዝርያው ከ2015 ጀምሮ እጅግ አስጊ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል። እንስሳቱ ሁሉ በራሳቸው ጊዜ የሞቱ ናቸው ተብዬ ነበር፤ ያን ያህል ራስ በአንድ ረድፍ ሳይ ግን ማመን አቃተኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠበቀኝ የሞተሩ ልጅ ለመጠበቂያ ምንም አልጨመረብኝም። ስለ ወፎቹ ስነግረው፣ አያቱ መንደር በልጅነቱ ብዙ ነበሩ አለኝና ሞተሩን አስነሣ።