«በልጦ አትርፏል» የተባለው ፈንድ

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ። ለአበሻ ደንበኞች የታክስና የጡረታ ቁጠባ ጉዳይ የሚሠራ አንድ ቢሮ፣ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን በመግዛት ከሚያስተዳድር ፈንድ ኩባንያ የመጣውን የዓመት መጨረሻ ደብዳቤ ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ለደንበኞቹ ላከ። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ፈንዱ በ2022 ቤንችማርኩን (ውጤቱ የሚነጻጸርበትን መለኪያ) «አውትፐርፎርም» እንዳደረገ ይናገራል። ተርጓሚው «ፈንዱ በ2022 ከገበያው በልጦ አትርፏል» ብሎ ጻፈው። ብዙም ሳይቆይ በፓርኪንግ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት የ401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚቆጠብ የጡረታ ሂሳብ) ስቴትመንታቸውን፣ ማለትም የሂሳብ መግለጫቸውን፣ ይዘው ቢሮው ደረሱ።

«ልጄ፣ አተረፈ ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ይኸው ወረቀቱ፣ ገንዘቤ ጎድሏል። ትርፉን ማን ወሰደው?»

«አባባ፣ አረፍ ይበሉና አብረን እንየው» አለቻቸው የተቀበለቻቸው ልጅ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ትርፍ አለ ተብሎ በጽሑፍ የተነገረው ሰው ሂሳቡ ጎድሎ ሲያገኘው መሃል ላይ የወሰደ አለ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እንግሊዝኛው ደብዳቤ ግን አልዋሸም፤ ስቴትመንቱም ትክክል ነው። የተሳሳተው «አትርፏል» የምትለዋ ብቻ ናት፤ እንግሊዝኛው ላይ የለችም።

«አውትፐርፎርም» ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንዱ ከሌላው የተሻለ ውጤት ማምጣቱን ይናገራል። ሁለቱም ከፍ ይበሉ ወይም ሁለቱም ይውረዱ፣ እሱን አይነግርዎትም። 2022 ደግሞ ይህን ለማየት የሚመች ዓመት ነበር። የዲቪደንድ ክፍያን (ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖች የሚያካፍሉትን ትርፍ) ትተን በዋጋ ብቻ ስንመለከት፣ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ የሚለካባቸው ዳው ጆንስ በ8.8 በመቶ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ19.4 በመቶ፣ ናስዳክ በ33.1 በመቶ ወረዱ። በእንግሊዝኛ ዳው ጆንስ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ደግሞ ናስዳክን «አውትፐርፎርም» አደረጉ ይባላል፣ አገላለጹም ትክክል ነው። ሦስቱም ውስጥ ገንዘብ የነበረው ሰው ግን ሦስቱም ላይ ከስሯል።

የዋረን ባፌት ኩባንያ በርክሻየር ሃታዌይ ታሪክ ይህን ከሁለቱም ወገን ያሳያል። በ2008 የኩባንያው አክሲዮን በ31.8 በመቶ ወረደ፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዲቪደንዱ ተደምሮ በ37 በመቶ ወርዶ ስለነበር ግን ሲሶ ገደማ ዋጋውን ያጣው አክሲዮን «አውትፐርፎርም» አደረገ ተባለ። በተከታዩ ዓመት በ2009 አክሲዮኑ 2.7 በመቶ አተረፈ፤ መለኪያው 26.5 በመቶ በማትረፉ ስሙ «አንደርፐርፎርም» ሆነ። በከሰረበት ዓመት የበለጠ፣ ባተረፈበት ዓመት ያነሰ ማለት ነው።

ወደ አባባ ስቴትመንት እንመለስ። ነገሩን ለማስረዳት የሚቀለው በዶላር ማሳየት ነው፤ በመቶኛ ብቻ ሲነገር ሰው ይሰለቻል። ጥር ላይ 40,000 ዶላር ነበር፣ በዓመቱ ውስጥም ምንም አልተጨመረበትም እንበል። ፈንዱ በ14 በመቶ ከወረደ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 34,400 ዶላር ይቀራል። ይኸው ገንዘብ ዲቪደንዱ ተደምሮ በ18.1 በመቶ የወረደውን ኤስ ኤንድ ፒ 500 ቢከተል ኖሮ የሚቀረው 32,760 ነበር። ደብዳቤው ያወራው በሁለቱ መካከል ስላለው የ1,640 ዶላር ልዩነት ነው። ስቴትመንቱ የሚያሳየው ደግሞ የጎደለውን 5,600 ዶላር ነው። 34,400ው ተመልሶ 40,000 እንዲሆን የ14 ሳይሆን የ16.3 በመቶ ትርፍ ያስፈልገዋል፤ ከተቀነሰ ገንዘብ ላይ ስለሚነሳ። ይህን ሳይነግሩ ማለፍ ደንበኛን ለሌላ ግራ መጋባት ማስቀመጥ ነው።

በ401ኬ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከደሞዝ በየጊዜው የሚቆረጠውና አሠሪው የሚያዋጣው ገንዘብ እዚያው ሂሳብ ውስጥ ስለሚገባ፣ የመጨረሻው ቀሪ ሂሳብ ፈንዱ ስንት እንደወረደ አያሳይም። ፈንዱ ወርዶ ቀሪ ሂሳቡ ከፍ ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ ከፍ ያደረገው የራሱ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ስቴትመንቱ ላይ መታየት ያለበት የዓመቱ መዋጮ ተቀንሶ የቀረው ለውጥ፣ ወይም ለብቻው የተጻፈው የተመላሽ (ገንዘቡ ራሱ ያተረፈው ወይም የከሰረው) መቶኛ ነው።

ቢሮው በኋላ ደብዳቤውን አስተካክሎ ላከ። አጻጻፉ በምሳሌያችን ቁጥር ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ «ፈንዱ በ2022 በ14 በመቶ ወርዷል። የሚለካበት ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ18.1 በመቶ ስለወረደ፣ የፈንዱ ኪሳራ ከመለኪያው በ4.1 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ ነው።» ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ገንዘቡ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ከማን ጋር ሲነጻጸር እንደተሻለ። ሁለቱም ባተረፉበት ዓመት «ከመለኪያው የበለጠ አትርፏል» ማለት ያስኬዳል፤ ሁለቱም በከሰሩበት ዓመት «ያነሰ ከስሯል»፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ሁለቱንም ለየብቻ መናገር ነው እንጂ አንድ ግስ አይበቃም። «4.1 በመቶ» ተብሎ መጻፉም ስህተት ነው። የ18.1 እና የ14 ልዩነት 4.1 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶኛ ከተሰላ የፈንዱ ኪሳራ ከመለኪያው በ23 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከትርጉሙ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄም አለ፦ ማንን ነው የበለጠው? ይህ ግስ ተበላጩ ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም። ደብዳቤው ተበላጩን ካልጠራ ለላኪው ጽፎ መጠየቅ ነው፣ ገምቶ መሙላት አይገባም። ተበላጩ ሲጠራም በምን እንደተለካ ማየት ያስፈልጋል። ከላይ እንዳየነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ2022 በዋጋ ብቻ 19.4፣ በዲቪደንድ ጭምር 18.1 በመቶ ወርዷል። የራሱን ውጤት ከዲቪደንዱ ጋር አስልቶ መለኪያውን በዋጋ ብቻ የሚያቀርብ ፈንድ ምንም ሳይሠራ 1.3 የመቶኛ ነጥብ አገኘ ማለት ነው። የአስተዳደር ክፍያም እንዲሁ ነው። ክፍያ ሳይቀነስ መለኪያውን በ0.3 ነጥብ የበለጠ ፈንድ 0.7 በመቶ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ደንበኛው እጅ ላይ ሲደርስ ከመለኪያው በታች ነው። ለደንበኛ የሚነገረው ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ ያለው ብቻ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

ይኸው ቃል በአክሲዮን ደላሎች ሪፖርት ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ «አውትፐርፎርም» ደረጃ ነው፤ ተንታኙ አክሲዮኑ ወደፊት፣ ብዙ ጊዜ በሚቀጥሉት 12 ወራት፣ ከመለኪያው የተሻለ ይሆናል ብሎ መገመቱን ያሳያል። ገበያው 20 በመቶ ወርዶ አክሲዮኑ 15 በመቶ ቢወርድ ግምቱ ሠምሯል። «ይህ አክሲዮን ዋጋው ይጨምራል» ብሎ መተርጎም ተንታኙ ያልተናገረውን ማናገር ነው። የደረጃው ትርጉም ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ፣ በሪፖርቱ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን መግለጫ ሳያነቡ መተርጎም አያዋጣም።

«አውትፔስ» የሚለው የቅርብ ዘመዱም በባንክ ሪፖርቶች ላይ ብዙ ያሳስታል። የሚያወዳድረው ፍጥነትን ነው። 10 ቢሊዮን ብር ተቀማጭ ያለው ባንክ በ30 በመቶ ቢያድግ 13 ቢሊዮን ይሆናል፤ 100 ቢሊዮን ያለው በ20 በመቶ ቢያድግ 120 ቢሊዮን ይደርሳል። ትንሹ በዕድገት ፍጥነት በልጧል፤ የጨመረው 3 ቢሊዮን ሲሆን ትልቁ የጨመረው 20 ነው። «በተቀማጭ ገንዘብ በለጠ» ተብሎ ከተጻፈ ሐሰት ነው፤ «በተቀማጭ ዕድገት ፍጥነት» ከተባለ ግን እውነት ነው።

አባባ ስሌቱን በወረቀት ላይ ካዩ በኋላ የጠየቁት ፈንዱን ልቀይር ወይስ ልተወው የሚለውን ነው። የአንድ ዓመት «አውትፐርፎርም» ለዚህ መልስ አይሆንም። ልጅቷ የአምስትና የአሥር ዓመቱን ተመላሽ፣ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ፣ ከዚያው መለኪያ ጋር በዲቪደንድ ጭምር አስተያይታ አትማ ሰጠቻቸው፣ ለጡረታ ስንት ዓመት እንደቀራቸውም ጠየቀቻቸው።