እግሯን አይቼ

የወፍ ጋይድነት የጀመርኩ ሰሞን ነው፣ ጥር ላይ፣ ሁለት ፈረንጅ ባልና ሚስት ይዘን በአምቦ መንገድ ቡራዩን አለፍ ብሎ ገፈርሳ ግድብ ሄድን። የጠዋቱ ብርድ ለጉድ ነው፣ ከ2500 ሜትር በላይ አይደል፣ እኔ ደሞ ሌሊቱን መጽሐፍ ሳገላብጥ አድሬ የማላውቀው ወፍ ያለ አልመሰለኝም። አንድ ቦይ ውስጥ ትንሽዬ ወፍ ብቻዋን ኋላዋን ነቅነቅ እያረገች ጭቃ ትለቅማለች፣ ቢኖኩላር አንስቼ ሳይ እግሯ ቢጫ ቢጤ፣ በቃ "ዉድ ሳንድፓይፐር!" ብዬ ጮክ አልኩ፣ ባልየውም ዝርዝሩ ላይ ራይት አደረገባት።

ሾፌራችን ወፍ ተመልካች ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ወፏ ደንግጣ እየጮኸች ብድግ ስትል ጠጋ ብሎ "አንተ ልጅ፣ የክንፏን ስር አላየህም እንዴ? ከሰል እኮ ነው" አለኝ። እውነትም ስሩ ጥቁር፣ ወገቧ ላይ ቁልጭ ያለ ነጭ፣ ግሪን ሳንድፓይፐር ናት! ዉድ ብትሆን የክንፏ ስር ነጣ ይላል፣ ነጩ ቅንድቧም ዓይኗን አልፎ ወደኋላ ይሄዳል፣ የግሪን ግን ዓይኗ ጋ ሲደርስ ያልቃል፣ ጀርባዋ ላይም የዉድ ነጠብጣብ ጎላ ጎላ ያለ ነው የግሪን ደቃቅ (ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሊኒየስ ሁለቱንም በፈረንጆች 1758 ነው ስም ያወጣላቸው፣ ምናለ ትንሽ የማይመሳሰል ስም ቢሰጣቸው)። እና ያ ቢጫው እግር? የደረቀ ጭቃ!

ጋሼ ቀጠለ፣ "ይቺ እኮ ሰሜን አውሮፓና ሩሲያ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ፣ ሌላ ወፍ ጥሎት በሄደ ጎጆ ነው እምትፈለፍለው፣ ዉዷ ግን ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ነው" እያለ፣ እኔ ግን የማስበው ያቺን ራይት ነው።

ዝም ብዬ ቡራዩ ድረስ መጣን። ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ፊቴ እየጋለ "ይቅርታ፣ ያቺ ጠዋት ያየናት ዉድ አይደለችም፣ ግሪን ናት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኩ። ሚስትየው ሳቀችና ደብተሯን ገለጠችልኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ "ግሪን" ብላ ጽፋ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አርጋበታለች፣ እስክናገር እየጠበቀች ነበር መሰለኝ። ባልየው ላጲስ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

ማታ ሆቴላቸው ስናደርሳቸው ቲፑን ለጋሼ ሰጡት። ግማሹን እንካ አለኝ፣ አልቀበልም ብል ኪሴ ውስጥ ወሸቀው።