በአንድ ፔኒ ቅመም የሚገዙት ልጆች

እማማ ሹራብ ልጅ ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባታቸው አንድ ፔኒ ያገኙ ነበር። ምን ይገዙበት እንደነበር ጠየቅኋቸው። "ስፓይስ ነዋ!" አሉኝ። እኔም ደብተሬ ላይ "ቅመም" ብዬ ጻፍኩ።

በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን አሰፋሁት። እናት ምድጃ ላይ ናት፤ ቅመም ጎድሏታል፤ ልጅቷ እየሮጠች ሱቅ ትላካለች። እኔስ ስንቴ ለእርድና ለበርበሬ ተልኬ የለ? አንድ ገጽ ሙሉ ሞላሁ። በሳምንቱ ሳነብላቸው ሻያቸውን ሊያፈሱ እስኪደርሱ ሳቁ። በዮርክሻየር የቀድሞ ሰው አነጋገር "ስፓይስ" ማለት ከረሜላ ነው።

የምኖረው እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ባለችው ሸፊልድ ነው። ላለፉት ሰባት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አረጋውያን ተሰብስበው ምሳ የሚበሉበት ቦታ፣ ሻይ እቀዳለሁ። ሻዩን እየቀዳሁ የልጅነታቸውን ነገር መልቀም ጀመርኩ። ጓደኞቼ "የራስህን አገር ሽማግሌ ሳትጠይቅ የፈረንጅ ልጅነት ምን ያደርግልሃል?" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር የጀመርኩት እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ነው። ከዚያ ግን ያዘኝ።

ስማቸውን አልጠቅስም። ደብተሬ ውስጥም ያሉት በቅጽል ነው፤ እማማ ሹራብ፣ አባባ ትራም፣ እማማ ዝምታ። እነሱ እንደሆኑ በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ነው የሚፈልጉት። የ82 ዓመት ሴትዮ በባዶ ስም መጥራት ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። እንግሊዝኛው ሁሉንም "ዩ" ብሎ ይገላገላል። እኔ ማስታወሻዬን በአማርኛ ስጽፍ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበሩበትን ቀን እንኳ "እሳቸው አጥር ዘለው ፖም ሰረቁ" እያልኩ ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከንቱ ነበሩ። "ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ" እላለሁ። "ምን የሚነገር አለው ብለህ ነው" ይሉኛል። ወይም "ድሆች ነበርን፣ ግን ደስተኞች ነበርን" ይሉና ወደ ሾርባቸው ይመለሳሉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደጻፍኳት! ሁሉም ስለሚላት ስለማንም አትናገርም።

ነገሩን የፈታልኝ ጠርሙስ ነው። እሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በሁለት ፓውንድ አንዲት ትንሽ የወተት ጠርሙስ ገዛሁ። ሐሙስ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኳትና ዝም አልኩ። አንዱ አንስተው አገላበጧት፣ "ኧረ ይቺ!" አሉ። ከዚያ ማን ያቁማቸው። ከ1946 ጀምሮ የብሪታንያ ተማሪ በየቀኑ የፓይንት ሲሶ፣ 200 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ወተት፣ በነፃ ይሰጠው ነበር። ከ1962 መጨረሻ እስከ 1963 ማርች በዘለቀው የማይረሳ ብርድ ወተቱ ደጅ ላይ በረዶ እየሆነ የብር ወረቀት ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋው ነበር። አስተማሪዋ ማሞቂያው አጠገብ ይደረድሩታል። ልጆቹ ያንን ለብ ያለ ነገር ይጠጣሉ። አንድ አባባ በዚያ የተነሳ እስከ ዛሬ ሻያቸው ውስጥ ወተት አያስገቡም፤ ለእንግሊዝ ሰው ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1971 ከሰባት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ወተቱ ሲቀር የትምህርት ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ነበሩ። ስማቸው ሲነሳ ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። እኔም ያኔ ሻይ ልቀዳ እነሳለሁ።

ከጠርሙሷ ቀጥሎ የረዳኝ ካርታ ነው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የብሪታንያን የድሮ ካርታዎች ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የመንግሥት የካርታ ተቋም የሠራቸው ናቸው። 1 ለ2,500 የሆነው ላይ እያንዳንዱ ቤት፣ ጓሮ ያለችው ጎጆ ሳትቀር፣ ትታያለች። የሰፈራችንን በትልቁ አሳትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ካርታ ፊት ጣት ነው የሚያወራው። ከቤት ይወጣል፣ በ"ጄነል" ይሾልካል (በሁለት ቤቶች መካከል ያለች ቀጭን መተላለፊያ ናት)፣ ሱቁ ጋ ይቆማል፣ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

የእማማ ሹራብ ጣት አንድ ወርክሾፕ ላይ ቆመ። እናታቸው እዚያ ማንኪያና ሹካ ይወለውሉ ነበር። ሸፊልድ የቢላዋና የማንኪያ ከተማ ናት፤ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 የማይዝገውን ብረት የሠራውም እዚሁ ነው። በሚሽከረከር ጎማ ላይ ማንኪያ የሚወለውሉትን ሴቶች "በፈር ገርልስ" ይሏቸው ነበር። ሥራው እጅግ ያቆሽሽ ነበር። ልብሳቸው ላይ ወረቀት ይጠቀልሉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ያስሩ ነበር፣ ያም ሆኖ አይተርፉም ነበር። "እናቴ ፊቷ ጠቁሮ ነበር የምትመጣው። ስትስቅ ጥርሷን አይቼ ነው እሷ መሆኗን የማውቀው" አሉኝ። ስለ እናታቸው ሥራ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸው "ፋብሪካ" ብቻ ነበር ያሉኝ።

ቋንቋው ከ"ስፓይስ" በኋላም አልለቀቀኝም። አንዱ አባታቸው "ናይን ዋይል ፋይቭ" ይሠሩ ነበር አሉኝ። "ዋይል" ትምህርት ቤት የተማርኩት "ሳለ" በሚል ነው። እዚህ ግን "እስከ" ማለት ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አስራ አንድ ሰዓት። ሻይ ማፍላት ደግሞ "ማሽ" ነው። ድንች የሚፈጩ መስሎኝ ነበር። የማላውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ እፈልገዋለሁ፤ የማውቀው የመሰለኝ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አሁን የማውቀውንም እጠይቃለሁ። ቢሳቅብኝም ይሳቅ።

የከረሜላው ነገር ሌላም ጣጣ ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ ከረሜላ በራሽን ነበር። ፔኒ ብቻ አይበቃም፣ የራሽን ደብተርም ይዞ መሄድ ነው። እማማ ሹራብ "ራሽኑ የቀረው በስምንት ዓመቴ ነው" ይላሉ፤ 1949 መሆኑ ነው። አጠገባቸው የሚቀመጡት "የለም፣ ንግሥቲቱ ዘውድ በጫነችበት ዓመት ነው" ይላሉ፤ ያ 1953 ነው። ሁለት ሐሙስ ተከራከሩ። እኔም አንዷ ተሳስተዋል ብዬ ማዕከላዊው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው! በኤፕሪል 1949 ራሽኑ ተነሳ። ሕዝቡ ከረሜላውን ጠራርጎ ሱቁን ባዶ አስቀረው፤ በኦገስት ራሽኑ ተመለሰ። ለይቶለት የቀረው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1953 ነው። እማማ ሹራብ ያስታወሱት እነዚያን አራት ወራት ነበር። ለስምንት ዓመት ልጅ አራት ወር ረጅም ነው።

"መዝገብ እያለ ሰው መጠየቅ ለምን?" የሚል አይጠፋም። የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ 100 ዓመት ሳይሞላው አይከፈትም። የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወደመ። በ1941 ጦርነት ስለነበር ቆጠራ አልተካሄደም። የ1951ዱን ለማየት እስከ 2052 መጠበቅ ነው። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር የተካሄደ ምዝገባ አለ፣ የመራጮች መዝገብም አለ። መራጭ ውስጥ ግን ልጅ የለም።

ካርታው አንድ ቀን አሳፈረኝ። የእማማ ዝምታ ጣት ፊትዛለን አደባባይ ላይ ቆመ። በዲሴምበር 1940፣ በ12ኛውና በ15ኛው ቀን ሌሊት፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ሸፊልድን ደበደቡ። ከ660 በላይ ሰው ሞተ። አደባባዩ ላይ በነበረው ማርፕልስ ሆቴል ምድር ቤት የተጠለሉ 70 ያህል ሰዎች እዚያው ቀሩ። እኔ ይሄን አንብቤ ስለነበር ቸኮልኩ። "ያን ሌሊት ምን አዩ?" አልኳቸው። ጣታቸውን አንስተው ካፖርታቸውን ለበሱና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቦታ ጠይቄያቸው አላውቅም። ከአራት ወር በኋላ ራሳቸው አመጡት፤ ያውም ሳህን እያጠብኩ ሳለ። ሰባት ዓመታቸው ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባሉ በደስታ ዘለዋል። ይኼው ነው። "ሰው ሞቶ እኔ ዘለልኩ" አሉኝ። ይሄን ለሰባ ምናምን ዓመት ለማንም አልተናገሩም። ቴፕ አልነበረም፣ እጄ ሳሙና ነበር። እዚህ የምጽፈውም "አሁንስ ይጻፍ" ስላሉኝ ነው።

ፈቃድ የሚባለውን ነገር የገባኝም ያኔ ነው። በፊት ስልኬን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጥኩ "ልቅዳ?" እላለሁ፤ "ቅዳ" ይላሉ፤ አለቀ። ሰው ግን ምን እንደሚናገር ሳያውቅ እንዴት ይፈቅዳል? አንዷ ስለ አባታቸው መጠጥ አውርተው ሲያበቁ የልጅ ልጃቸው እንዳይሰማው ለመኑኝ። አሁን የምጠይቀው ሁለቴ ነው፤ ከመቅዳቴ በፊትና ከጨረስን በኋላ። የኋለኛውን በትልቁ በታተመ ግማሽ ገጽ ወረቀት አደርገዋለሁ። ማን ይስማው? ስም ይግባ? ምን ይቆረጥ? ስልኩንም ከሻይ ማንቆርቆሪያው ማራቅ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ቅጂዎቼ ግማሹ የሲኒ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ከባቡር ጣቢያው በላይ ኮረብታው ላይ ፓርክ ሂል የሚባል ግዙፍ ሕንፃ አለ። የተጎሳቆሉ ቤቶች ፈርሰው በ1961 ተመረቀ። እዚያ ያደጉ አንድ ሰው "ወተት አዳዩ በመኪና ፎቅ ላይ በራችን ድረስ ይመጣ ነበር" አሉኝ። የልጅ ቅዠት ብዬ ጥያቄ ምልክት አደረግኩበት። እውነት ነው። ሕንፃው "ሰማይ ላይ ያሉ መንገዶች" የተባሉ ሰፋፊ መተላለፊያዎች አሉት፤ ትንሿ የወተት መኪና ትነዳባቸው ነበር። የመተላለፊያዎቹ ስም እንኳ ከፈረሱት መንገዶች የተወሰደ ነው።

ይሄን እውነት ያላመንኩ ሰውዬ የአባባ ትራምን ግን አመንኩ። ከአያታቸው ጋር በትራም መሃል ከተማ ሄደው፣ አያታቸው እጃቸውን ይዘው፣ ግድግዳ ውስጥ ያሉትን ዓሦች ያዩ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ የሸፊልድ ሰው ስለ ዓሦቹ ሳያወራ አይውልም። ካስል ስኩዌር ላይ ከመንገዱ በታች የተሠራ የእግረኛ አደባባይ ነበር፤ "መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ" ይሉታል። ግድግዳው ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነበረው። ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ ቀኖቹን አየሁ። የድሮው ትራም ለመጨረሻ ጊዜ የሄደው ኦክቶበር 8 ቀን 1960 ነው። ጉድጓዱ የተከፈተው በ1967። የተደፈነው ደግሞ በ1994፣ ለአዲሱ ትራም መንገድ ሲባል። ትራሙና ዓሦቹ ተገናኝተው አያውቁም።

እኔ ጎበዙ ቀኖቹን በወረቀት አትሜ ሐሙስ ሰው ሁሉ ባለበት አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። "አያቴ የሞተችው በ1964 ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ታዲያ እጄን የያዘኝ ማን ነው?"

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። በቀጣዩም። ሻይ ስቀዳ ወንበራቸውን ላለማየት ዞሬ ነበር የምሄደው። ምን አስቸኮለኝ? ለብቻቸው ብነግራቸው ምን ነበረበት? ባልነግራቸውስ?

በአራተኛው ሳምንት መጡ፤ ታላቅ እህታቸውን ይዘው። ዓሦቹን ያሳየቻቸው እሷ ኖራለች፤ እሷ 18፣ እሳቸው 12 ዓመታቸው ነበር፤ የሄዱትም በአውቶቡስ ነው። ያን ጊዜ ታደርገው የነበረው ካፖርት የአያታቸው ነበር። ሰውዬው ደጋግመው "ሽታው፣ ሽታው ነው እኮ" ይላሉ።

ደብተሬ ላይ የመጀመሪያውን አልሰረዝኩትም። ከሥሩ ሁለተኛውን ጻፍኩ፣ ከሥሩ ደግሞ ካፖርቱን። እህትየው ስጽፍ አየችኝና ዓሦቹ ስንት እንደነበሩ ጽፌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወንድሟ ብዙ ነበሩ አሉ። እሷ አራት ነበሩ፣ አንዱም የሞተ ይመስል ነበር አለች። እስካሁን አልተስማሙም።