የዎል ከተማው መድኃኒት ቤትና የሁስቴድ ቤተሰብ

ከሱ ፎልስ ወደ ምዕራብ በአውራ ጎዳና 90 ለሚነዳ ሰው ሳውዝ ዳኮታ ሁለት አገር ናት። ሚዙሪ ወንዝ እስኪደረስ ድረስ ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ከቻምበርሌይን ድልድይ ማዶ እርሻው እየሳሳ ይሄድና ሣር፣ ከብትና ሰማይ ብቻ ይቀራሉ። በዚያ ሜዳ ላይ መንገደኛውን የሚያነጋግሩት ሰሌዳዎች ናቸው። አንዱ ቡና በአምስት ሳንቲም ይላል፤ ሌላው ነጻ የበረዶ ውሃ ይላል፤ ሁሉም ዎል ድራግ፣ ማለትም የዎል መድኃኒት ቤት፣ ወደሚባል አንድ ቤት ይጠራሉ።

ልትጠይቀን ከደብረ ማርቆስ የመጣችው እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ልጆቼ ሰሌዳዎቹን በየተራ ይተረጉሙላት ነበር። መጀመሪያ ዝም ብላ ሰማች። ኋላ ግን ውሃ በነጻ የሚለው ሲደጋገምባት አላስችል አላት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ የሚያስጽፈው የማን ቤት ነው? ጌታው የማን ልጅ ነው?»

እኔ ሰሌዳዎቹን ከዚያ በፊትም አይቻቸዋለሁ፤ የጭነት መኪና የሚነዳ ጓደኛዬም ስለ ቤቱ ዶናት ደጋግሞ አውርቶልኛል። የባለቤቱን ዘር መጠየቅ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ዎል የገባነው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው፤ ደግሞም ከቤቱ ሁሉ የበለጠ ልቤን የያዘው የቤተሰቡ ታሪክ ሆነ።

ዎል 700 ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። መደብሩ ግን 76,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 7,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚያልፍበትም ይነገራል። ቦት ጫማ፣ የላም ጠባቂ ባርኔጣ፣ መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥ፣ ሥዕሎች የተሰቀሉበት ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ፣ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ጓሮ፣ ለመንገደኛ ጸሎት የተሠራች ትንሽ ቤተ ጸሎት አለ። ልጆቼ በጓሮው ቀንድ ያለው ትልቅ የጥንቸል ሐውልት ላይ ለመውጣት ተራ ያዙ። እናቴ ግን ያቺን ቤተ ጸሎት ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና ብዙ ቆየች። ቤተ ጸሎቷ በዚያ ቤት ውስጥ ለምን እንደተሠራች የገባኝ ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ነው።

የቤቱ ጌታ የነበረው ቴድ ሁስቴድ የሐኪም ልጅ ነበር። ፋርማሲ ያጠናው ነብራስካ ውስጥ ነው። አባቱ ሲሞት 3,000 ዶላር ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1931፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እያለች፣ ቴድና ባለቤቱ ዶሮቲ የሚገዙት መድኃኒት ቤት ፍለጋ ከከተማ ከተማ ዞሩ። ሁለቱም ካቶሊኮች ናቸውና ዋናው መስፈርታቸው በየቀኑ ቅዳሴ የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ያለባት ትንሽ ከተማ ማግኘት ነበር። ዎል ያንን አሟላች። ሌላ የምታሟላው ነገር አልነበራትም፤ ነዋሪዋ 326፣ አብዛኛው በድርቅና በሰብል መጥፋት የደኸየ ገበሬ። ከዘመድ ወገን እግዚአብሔር የረሳው ቦታ ነው ብሎ የከለከላቸው ነበር። ባልና ሚስቱ ከቤተሰብ ጋር ተመካክረው፣ ጸልየው፣ ገዙት።

አምስት ዓመት እንሞክረው ተባባሉ። የአራት ዓመት ልጃቸውን ቢልን ይዘው ከመደብሩ በስተጀርባ ብርድ ልብስ ጋርደው መኖር ጀመሩ። አብዛኛውን ቀን ደጃፉን የሚረግጥ ሰው አልነበረም። በምዕራብ በኩል በራሽሞር ተራራ ላይ የአራት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ፊት እየተጠረበ ነበር፤ ሥራው ከ1927 እስከ 1941 የዘለቀ ነውና ቴድ ያ ሥራ አንድ ቀን መንገደኛ ያመጣልናል ብሎ ይጠብቅ ነበር። መንገደኛው በእርግጥ መጣ። ግን በአቅራቢያቸው እያለፈ ነበር እንጂ አይቆምም።

የ1936 በጋ በዚያ አገር ታሪክ የታወቀ ነው። በሐምሌ ወር ጋን ቫሊ በተባለች የሳውዝ ዳኮታ ከተማ ሙቀቱ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ፤ የግዛቷ የሙቀት ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ ያው ነው። የተሰጣጡት አምስት ዓመት ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት፣ በዚያው ሐምሌ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶሮቲ ሕፃን ልጇን ሜሪ ኤልሳቤጥን ይዛ ልትተኛ ሄደች። የመኪናው ጩኸት አላስተኛ አላት። ተመልሳ መጥታ ለባሏ እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረበች፦ እነዚህ ሰዎች በሞቃት ሜዳ ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመጡ ናቸው፤ የሚፈልጉት ውሃ ነው፤ በረዶና ውሃ ደግሞ እኛ አለን፤ በመንገዱ ዳር ነጻ የበረዶ ውሃ አለ ብለን እንጻፍላቸው። መኪኖቹ በዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም። ዶሮቲ አስተማሪ የነበረች ሰው ናትና ግጥሙንም ራሷ ገጠመችው፤ ስንኙን በየሰሌዳው ቆራርጦ የማስነበብ ልማድ ያኔ የጺም መላጫ ክሬም ሻጮች ያስለመዱት ነበር።

ቴድ ሐሳቡ የሞኝ መስሎት ነበር፤ ግን አንድ ተማሪ ይዞ ሰሌዳዎቹን በመንገዱ ዳር ተከለ። ወደ መደብሩ ሲመለስ ሰዎች ቀድመውት ደርሰዋል። በቀጣዩ በጋ ስምንት ሴቶች ልጆች ለሥራ ቀጠሩ።

ይህን ለእናቴ በመመገቢያው አዳራሽ ተቀምጠን ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ አንዱን ያዘች፤ «ሕፃን ይዛ፣ በዚያ ሐሩር፣ እንቅልፍ አጥታ ስለ መንገደኛ ታስባለች? ይህቺስ እናት ናት» አለች። ስለ ቤቱ የሚነገረው አብዛኛው ወሬ የማስታወቂያ ብልሃትን የሚያደንቅ ነው። እኔም እስከዚያ ቀን የሰማሁት እንደዚያ ነበር። አሁን ግን ከእናቴ ጋር እስማማለሁ። ዶሮቲ መጀመሪያ ያሰበችው ሰዎቹ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ነው፤ ሽያጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ባደገችበት አገር እንግዳ ከበር ቆሞ ውሃ ሲጠይቅ ማንነቱን ሳይጠይቁ ይሰጡታል፤ ነገሩ ያልከበዳት ለዚህ ይመስለኛል።

የሁለተኛው ትውልድ ታሪክ ብዙ አይነገርም፤ ያሳዝነኛል። ከብርድ ልብሱ ጀርባ ያደገው ቢል እንደ አባቱ ፋርማሲስት ሆኖ በ1951 ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዛሬ የምናየውን ሰፊ ቤት በአብዛኛው የገነባው እርሱ ነው። በ1965 የአውራ ጎዳና ዳር ማስታወቂያዎችን የሚገድብ ሕግ ሲወጣ በሰሌዳ ለሚኖር ቤት ትልቅ አደጋ ነበር። ቢል ከመንገዱ በሩቁ የሚታይ 80 ጫማ የሚረዝም ዳይኖሰር አሠራ። የቀረጸው ኤሜት ሰሊቫን ነው፤ በራፒድ ሲቲ ኮረብታ ላይ ያሉትን ዳይኖሰሮችም የሠራው እርሱ ነው። ልጆቼ ከሩቅ አይተው የጮኹለት ያው ዳይኖሰር ነው።

ሰሌዳዎቹም ቢሆኑ አልጠፉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ የአካባቢው ወታደሮች እስከ ዎል ድራግ ይህን ያህል ማይል ነው የሚል ጽሑፍ በአውሮፓ ሰቀሉ፤ በኮሪያና በቬትናም የዘመቱትም ተከተሏቸው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በዚያ ሜዳ ሥር ሚኒትማን የተባሉ 150 የኑክሌር ሚሳይሎች ተቀብረው ነበር፤ ቤቱ ለሚሳይል ጠባቂዎቹ ቡናና ዶናት በነጻ ይሰጥ ነበር። ዛሬም ለቀድሞ ወታደሮችና ለአዲስ ተጋቢዎች ይሰጣል።

አንድ ነገር ቅር አለኝ። ዎል የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ በ1907 የተቆረቆረች ከተማ ናት። መሬቱ እስከ 1889 የአገሩ ነባር ተወላጅ የሆነው የላኮታ ሕዝብ ሰፊ ይዞታ አካል ነበር፤ በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ ተቆራርሶ ለሰፋሪ ተሰጠ። በመደብሩ የላኮታ አለቆች ፎቶግራፎች አሉ፤ የሚያምሩ ናቸው። የሁስቴድ ቤተሰብ በድህነት ስለ መጀመሩ በዝርዝር የሚነግረን ቤት፣ ያ መሬት እንዴት ባዶ እንደሆነ በዚያው ዝርዝር ቢነግረን ደስ ባለኝ።

ዶሮቲ በ1995 አረፈች። ቴድ በጥር 1999 በ96 ዓመቱ ሲሞት የግዛቷ አስተዳዳሪ ዓመታዊ ንግግሩን የጀመረው እርሱን በማስታወስ ነበር። ቢል አባቱን ተከትሎ በዚያው ዓመት በጥቅምት ሞተ። ቤቱ ለቢል ልጆች አለፈ፤ አሁን አራተኛው ትውልድም ገብቶበታል። ለእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የሐኪሙ ልጅ፣ ከዚያ የልጁ ልጅ፣ እያለ ይወርዳል።

ከሚኒያፖሊስም ሆነ ከሱ ፎልስ ወደ ራሽሞር የምትሄዱ ወገኖች፣ በጠዋት ድረሱ፤ በበጋ ከቀትር በኋላ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። ዶናቱን ትኩሱን ብሉ፤ ለቡናው አምስት ሳንቲሟን ከሣጥኑ ጨምሩ። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ግቡ፤ ቅርብ ነው። የውሃ መያዣችሁን ከዎል ሞልታችሁ ውጡ፤ በፓርኩ ውስጥ ጥላ የለም።